ሐኪም ቤት ሲዘጋ ዕዳው የማን ነው?

የሰው ልጅ በመንደርና በከተማ ተሰብስቦ የሚኖረው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ነገር ስለሚበዛበት ነው። እርሻውን ብቻውን የሚያርስ፥ ጎጆውንም ብቻውን የሚቀልስ ብርቱ ሰው ይገኛል፤ በእኩለ ሌሊት ልቡ ሲደክም ራሱን በራሱ የሚያክም ሰው ግን አይገኝም። ስለዚህ ከጋራ ሥራዎች ሁሉ አንዱ ለሌላው አስፈላጊ መሆኑን እንደ ሐኪም ቤት ገልጦ የሚያሳይ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ቤት «ገንዘብ አላስገባም» ተብሎ ሲዘጋ፥ የሚዘጋው የሕንፃው በር ብቻ ነውን? ወይስ በሰዎች መካከል የነበረ አንድ ቃል ኪዳን አብሮ ይፈርሳል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሣ፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ፥ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፥ ፑንጎ በሚባለው ወንዝ ዳር ቤልሄቨን የምትባል፥ ሕዝብዋ ከሁለት ሺህ የማይሞላ ትንሽ ከተማ አለች። እርስዋና በዙሪያዋ ያለው የገበሬና የዓሣ አጥማጅ አገር የሚታከሙበት አንድ ሆስፒታል ነበራቸው። ሆስፒታሉን በ2011 የተረከበ አንድ ትልቅ የሕክምና ድርጅት፥ በ2013 እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ ጁላይ 1 ቀን 2014ም በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በአጎራባች ወረዳ አንዲት ሴት በድንገተኛ የልብ ሕመም ተይዛ፥ ወደ ሩቅ ሆስፒታል የሚወስዳትን ሄሊኮፕተር ስትጠብቅ ሞተች። ሆስፒታሉ ቢኖር ኖሮ በእርግጥ ትድን ነበር ብሎ የሚምል ሰው አይኖርም፤ ነገር ግን ቀድሞ የነበራት አንድ ዕድል ከእጅዋ ተወስዶ እንደ ነበረ የሚክድም አይኖርም።

የከተማው ከንቲባ ሚስተር አዳም ኦኒል በዚያው ወር ከቤልሄቨን ተነሥተው እስከ ዋና ከተማው እስከ ዋሽንግተን ድረስ 273 ማይል፥ ማለት 440 ኪሎ ሜትር ያህል፥ አቤቱታቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። እኒህ ሰው የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ሆኖም በክፍለ ግዛቱ ያሉት የፓርቲያቸው መሪዎች ሲቃወሙት የነበረውን የድኾች የሕክምና መድን መስፋፋት ደግፈው ተናገሩ። ከእርሳቸው ጋር በፖለቲካ የማይስማሙት የጥቁሮች መብት ተሟጋች ቄስ ዊሊያም ባርበርም ከጎናቸው ቆሙ። ሞት ወደ ቤት ሲገባ የማንን ፓርቲ እንደ ደገፍህ አይጠይቅምና፥ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ለመሆኑ የዚህ ዓይነቱ ሆስፒታል የሚከስረው ስለ ምንድር ነው? የአሜሪካ መንግሥት በ1946 ባወጣው ሕግ ከፊሉን ገንዘብ እርሱ እየሰጠ፥ ከፊሉን አገሬው እየሸፈነ፥ በብዙ ትናንሽ ከተሞች ሆስፒታል እንዲሠራ አድርጎ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ግን ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ፈለሰ፤ በገጠር የቀሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና ድኾች ሆኑ። ጥሩ መድን ያለው ሰው መኪናውን አስነሥቶ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ ይታከማል፤ ለትንሹ ሆስፒታል የሚቀርለት የሚከፍለው የሌለው ሰው ነው። ሜዲኬድ የሚባለውን የድኾች መድን የሚያሰፋ ሕግ በ2010 ቢወጣም፥ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2012 እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሕጉን ሊቀበለው ወይም ሊተወው እንደሚችል ፈረደ፤ ሰሜን ካሮላይናም እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ሳይሠራበት ቈየ። ከ2010 ወዲህ በመላው አሜሪካ ገጠር ከመቶ የሚበልጡ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል ወይም ሕመምተኛ ማስተኛትን አቁመዋል።

ይህ ሁሉ የሒሳብ ነገር ነው፤ ሒሳቡም ሐሰት አይደለም። ጥያቄው ግን ሐኪም ቤት በሱቅ ሒሳብ ሊመዘን ይገባዋልን? የሚል ነው። ባለ ሱቅ ገዢ በሌለ ጊዜ መዝጊያውን ዘግቶ ይተኛል፤ የሚጐዳ የለም። የሐኪም ቤት አገልግሎት ግን በማከም ብቻ ሳይሆን በመጠበቅም ነው። ዘበኛ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ሌባ ሳይመጣ ቢነጋ ደመወዙን በከንቱ በላ አይባልም፤ አገሬው እንቅልፉን ተኝቶ ያደረው እርሱ ነቅቶ ስላደረ ነውና። እንደዚሁም ሐኪሙና አስታማሚዋ አንድም ሕመምተኛ ሳይመጣ ቢያነጉ፥ ዙሪያውን ላለው ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ሁሉ የሰላም እንቅልፍ ሰጥተዋል። ይህ እንቅልፍ በደረሰኝ አይሸጥምና በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይታይም፤ ስላልታየ ግን አልነበረም ማለት አይደለም።

የተቃራኒውንም ወገን ቃል በቅንነት ልንሰማ ይገባናል። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው፤ «በትንሽ ሆስፒታል ከባድ ሕመም የሚታከመው አልፎ አልፎ ነው፤ ቀዶ ጥገና ደግሞ በብዛት በሚሠራበት ቦታ ይበልጥ ይሳካል። የአገር ገንዘብ ውስን ነው፤ ባዶ አልጋ ለመጠበቅ የሚወጣው ገንዘብ በሌላ ቦታ ብዙ ነፍስ ያድናል። ስለዚህ ለጥቂቶች ተብሎ ብዙዎች መጐዳት የለባቸውም።» ይህ ክርክር የጨካኞች ክርክር አይደለም፤ ከፊሉም እውነት ነው። ከባድ ቀዶ ጥገና ሁሉ በየመንደሩ ይሁን የሚል አስተዋይ ሰው የለም።

ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያስረዳው የአገልግሎቱ ዓይነት መለወጥ እንዳለበት እንጂ፥ ሰውን ያለ ምትክ ማስቀረት ተገቢ መሆኑን አይደለም። ወንዝ ላይ ድልድይ ያልሠራ ሰውና የተሠራውን ድልድይ የሚያፈርስ ሰው እኩል አይጠየቁም። ድልድይ ከሌለ ሰው ዋናውን ተምሮ ወይም ሌላ መንገድ ፈልጎ ይኖራል፤ ድልድይ ካለ ግን በእርሱ ተማምኖ ቤቱን በወንዙ ማዶ ይሠራል። ሆስፒታል አለ ብሎ በዚያች ከተማ ያረጀ፥ ልጅ የወለደ፥ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ በአንድ ያልተጻፈ ቃል ተማምኗል። የሰውን መታመኛ የሚያነሣ ሰው፥ ሌላ መታመኛ ሳያዘጋጅ ሊያነሣው አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር እናያለን። በ1986 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የመጣን ሕመምተኛ ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምሩና ሳያረጋጉ መመለስ ክልክል ነው። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ አንዱን ድኻ ከበር መመለስን ሲከለክል፥ በሩን ለሁሉም መዝጋትን አይከለክልም። አንዱን የመለሰ ይቀጣል፤ ሁሉን የመለሰ ግን ሒሳብ አወቀ ይባላል። የሕግ ወሰን ከሕሊና ወሰን ምን ያህል እንደሚጠብብ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው፤ ለአንዲት ከተማ ብቻዋን ሸክም ሲሆን፥ አገር ሲካፈለው ጌጥ ይሆናል። ግን ይኸው ምሳሌ ሌላም ፊት አለው፤ ጥፋትም ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል እንደ ሎሚ ይቀልላል። የድርጅቱ ሹም «እኔ ኪሳራ ከለከልሁ» ይላል፤ የሕግ ሰው «እኔ ግብር አልጨመርሁም» ይላል፤ ባለ መድኑ «እኔ የተሻለ ሐኪም ፈለግሁ» ይላል። እያንዳንዱ የያዘው አንድ ሎሚ ብቻ ስለ ሆነ አይከብደውም። ሙሉው ሸክም የሚያርፈው ግን በሌሊት መንገድ ዳር ተኝቶ መኪና በሚጠብቀው ሕመምተኛ ላይ ነው። እንግዲህ በርእሱ ለጠየቅነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዕዳው የሁሉ ነው፤ የሁሉ ስለ ሆነ ግን የማንም አይደለም ማለት አይቻልም።

መካከለኛ መንገድ የለም እንዳይባል፥ በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ትናንሽ የገጠር ሆስፒታሎች አልጋቸውን ትተው የድንገተኛና የተመላላሽ ሕክምና ብቻ እንዲሰጡ፥ ለዚህም መንግሥት በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍላቸው ተፈቅዷል። ፍጹም መፍትሔ ነው አንልም፤ የሚተኛ ሕመምተኛ አሁንም ሩቅ ይሄዳልና። ሆኖም ለመጠበቅ ዋጋ መክፈል እንደሚገባ የታወቀበት አንድ እርምጃ ነው።

ለእኛም ከዚህ የምንማረው አለን። በአገራችን ከ2003 ጀምሮ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌዎች መሠማራታቸው፥ ሕክምና ወደ ሰው መቅረብ አለበት የሚለውን እምነት ያሳያል። ግን መሥራት አንድ ነገር፥ ጠብቆ ማኖር ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ቤት በተመረቀ ቀን ሕዝብ እልል ይላል፤ መድኃኒቱ እንዳይጐድል፥ ሐኪሙ እንዳይሰደድ፥ መብራቱ እንዳይጠፋ በየዓመቱ ለሚደከመው ድካም ግን እልልታ የለም። ቢሆንም የአንድ ሕዝብ ሥልጣኔ የሚለካው በከፈታቸው በሮች ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ከእልልታው በኋላ ሳይዘጉ ባቈያቸው በሮች ነው።