ከውድቀት በኋላ ስለሚደረግ ጥናት

ሰው አንድ ጊዜ ፈተና ወድቆ ዳግመኛ ለመፈተን በተነሣ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የማጠናው ሐፍረቴን ለመሸፈን ነውን? ወይስ የጎደለኝን ለመሙላት?» የሚለው ነው። ሁለቱም መብራት አብርተው ሌሊቱን ስለሚያነጉ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ፍሬያቸው ግን የተለያየ ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በነርስነት ሙያ ለመሥራት ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ አለባቸው። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፥ ተፈታኙ በትክክል ሲመልስ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፤ ሲሳሳትም ይቀላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ የጥያቄው ቁጥር ከ85 አያንስም፥ ከ150ም አይበልጥም፤ የተወሰነውም ጊዜ 5 ሰዓት ነው። የወደቀ ሰው እንደገና ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን መቆየት ይኖርበታል።

እነዚህ ቀናት ልብ የሚመረመርባቸው ናቸው። በሀገሯ ነርስነት የተማረች፥ በባዕድ አገር ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እየተንከባከበች ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ አንዲት እኅት ወደቀች እንበል። እናቷ በስልክ «ልጄ፥ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስትላት «ውጤቱ ገና አልመጣም» ብላ ትመልሳለች። ሐፍረቷን አንነቅፍም፤ ከፍቅር የመነጨ ነውና። ነገር ግን ሐፍረት መልካም የጥናት ጓደኛ አይደለም። የሚያውቁትን ምዕራፍ መድገም ስለሚያጽናና፥ የማያውቁት ግን ቁስልን ስለሚነካ፥ ያፈረ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ደጋግሞ ያነባል። ወይም ምክንያቱን ሳይመረምር መልሱን ብቻ በቃሉ ይይዛል።

ለወደቀ ተፈታኝ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በፈተናው ስምንት ክፍሎች በእያንዳንዱ ከማለፊያው ልክ በላይ፥ በአጠገቡ ወይም በታች መሆኑን ያሳያል። ብዙዎች አጥፈው ይደብቁታል። እኛ ግን ከመጻሕፍቱ ሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው እርሱ ነው እንላለን። «ወደቅሁ» ብሎ ማልቀስ ይቀላል፤ «የመድኃኒቱን መጠን ማስላት አላውቅም» ብሎ መናገር ግን ይከብዳል። በስሙ የተጠራ ጉድለት ግን ሊሞላ ይችላል።

ፈተና ሁሉ የማይሳሳት ሚዛን ነው አንልም። ዐዋቂውን ሰው የቋንቋ እንግድነት ወይም የሌሊት ሥራ ድካም ሊጥለው ይችላል። ቢሆንም ድካሙም ታውቆ መድኃኒት ካልተፈለገለት ሁለተኛ ጊዜ ይጥላል።

ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እንቢ ቢለው ከመምህሩ እንደ ሸሸ፥ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀች ትል በመጨረሻ ስትደርስ አይቶም እንደ ተጽናና ሁላችን ሰምተናል። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች ጽናትን ይማራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያሬድ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ እናስተውል፤ ድካሙን ወደሚያውቀው ወደ መምህሩ ተመለሰ እንጂ ማንም ወደማያውቀው ስፍራ አልሄደም። ያለ እንዲህ ያለ መመለስ ጽናት ያንኑ ስሕተት መደጋገም ይሆናል።

ደግሞም ፈተናው የተሠራው ለተፈታኙ ክብር ሳይሆን፥ በአልጋ ላይ ተኝቶ ክንዱን ለመርፌ ለሚዘረጋው በሽተኛ ነው። በሽተኛው ነርሷ ስንት ጊዜ እንደ ተፈተነች አይጠይቅም፤ የምትሰጠው መድኃኒት ልክ መሆኑ ግን የሕይወቱ ጉዳይ ነው። ይህን በፊቱ አድርጎ የሚያጠና ሰው ጉድለቱን ለመደበቅ አይደፍርም።

ስለዚህ በሩቅ ያለን ዘመዶች ስንጠይቅ፥ እውነቱን ለመናገር የማያስፈራ አጠያየቅ እንጠይቅ። እኅታችንም ደውላ «እማዬ፥ ወድቄአለሁ፤ የጎደለኝንም አውቄዋለሁ» ያለች ዕለት፥ እውነተኛው ጥናቷ ያን ጊዜ ተጀመረ።