አባታችሁ ከሆስፒታል ሲወጡ

ልጆቼ፣

አባታችሁ በስትሮክ ከተኙበት ሆስፒታል ሊወጡ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ፈጣሪያችሁን አመስግኑ፣ ቡናውንም አፍሉ። ከዚያ ተቀመጡና አድምጡኝ። ከሆስፒታል መውጣት መዳን አይደለም፤ ሕክምናው ከሐኪሞቹ እጅ ወደ እናንተ እጅ መተላለፉ ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው ሐኪሞች ከሞት ይመልሱታል፤ ዳግም እንዲራመድና እንዲናገር የሚያደርገው ድካም ግን አብዛኛው ቤት ውስጥ ነው። ርክክቡ ከተበላሸ የእነሱም የእናንተም ልፋት ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ለመውጣት አትጣደፉ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። መኪና ከመጥራታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፦ የአንጎላቸው ደም ሥር ተዘግቶ ነው ወይስ ደም ፈሶ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደም ሥሩ ለተዘጋበት ሰው ሐኪም አስፒሪን ሊያዝለት ይችላል፤ ደም ለፈሰሰበት ግን ያው ኪኒን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ጎረቤት «እኔን ያሻለኝ ይኼ ነው» ብሎ የሚያመጣላችሁን መድኃኒት አትስጧቸው የምላችሁ ለዚህ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ለምን እንደታዘዘ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድና እስከ መቼ እንደሚቀጥል አስጽፉ። የቀጠሮው ቀን፣ የፊዚዮቴራፒው ነገርና የደም ግፊታቸው ሊደርስበት የሚገባው ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ የሚያያቸው ባለሙያ የሆነውን ሁሉ የሚረዳው ከዚያ ወረቀት ነው። ነርሷ ስታገላብጣቸውና ደግፋ ስታስነሣቸው ቆማችሁ አትመልከቱ፤ እሷ እያየች እናንተ ሥሩት። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ነውና የጠየቃችሁትን ደግማችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ቤቱንም ሳይመጡ አዘጋጁ። አልጋቸው ለመጸዳጃ ቤቱ ይቅረብ። ቁጢጥ ማለት ስለማይሆንላቸው መሐሉ የተቀደደ ወንበር አናጢ ይሥራላቸው። የሚያንሸራትት ምንጣፍ አንሡ፤ ሌሊት መብራት አይጥፋባቸው።

ራሳቸውን መገላበጥ ካልቻሉ ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ለውጡ። ዳሌያቸውን፣ ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን በየቀኑ እዩ፤ ቀለሙ የተለወጠ ቦታ የመኝታ ቁስል መነሻ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ መዋጥንም ያውካልና ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል አይጋደሙ። ብዙ ጊዜ ትን የሚለው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ውሃ ይጠጡ ወይስ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላቸው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። የዛለውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቷቸው፤ ትከሻቸው ሊወልቅ ይችላል። ወጌሻ ዘንድም አትውሰዷቸው፤ እጃቸው ያልታዘዘው አጥንት ተሰብሮ ሳይሆን የአንጎል ትእዛዝ ስላልደረሰው ነው።

መሻሻሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም አይቆምም። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያችሁን እንቅስቃሴ በየቀኑ አሠሯቸው። ፊታቸውን ራሳቸው መታጠብ ከቻሉ ይታጠቡ፤ ማንኪያውን መያዝ ከቻሉ ይያዙ። ሁሉን እናድርግላቸው የሚል ፍቅር ያዳክማቸዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ትዕግሥትን ሲያስተምሩ ነው።

ንግግራቸው ቢጠፋ አስተውሎታቸው የጠፋ አይምሰላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ቃሉ ነው የሚያስቸግራቸው። አጠገባቸው ቆማችሁ እንደሌሉ አድርጋችሁ ስለ እሳቸው አታውሩ። አጭር ጥያቄ ጠይቁ፣ በራስ ንቅናቄ እንዲመልሱም ጊዜ ስጧቸው። ከ3 ታካሚዎች 1 ያህሉ ከስትሮክ በኋላ በድብርት ይያዛል። ምግብ ቢጠሉ፣ ቢያለቅሱ፣ ከሰው ቢርቁ «ተኮሳተሩ» ብላችሁ አትለፉት፤ እሱም ሕመም ነውና ለሐኪም ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

አሁን ብዙ ቤት የሚያፈርሰውን ልንገራችሁ። ታካሚው ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱን ያቆማል። ግፊት ግን ሳያሳምም ከፍ ይላል፤ ሁለተኛውም ስትሮክ ከፊተኛው ሊብስ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ጸበል ልትወስዷቸው ከወደዳችሁ ውሰዷቸው፤ ኪኒኑንም ይዛችሁ ሂዱ። የፈውስ አምላክ የሐኪምንም እጅ የሚባርክ ነው። ጾምን በተመለከተ ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፤ እምነታችን ለታመመ ሰው ይራራል። ለግፊታቸው ሲባል ጨውም ይቀነስ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

አስታማሚዋንም አትርሱ። በብዙ ቤት ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ሥራዋን ትታ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በመጨረሻ እሷም ትታመማለች። ወንዶች ልጆች፣ ገንዘብ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ተራ ግቡ፣ ሌሊቱን ተካፈሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ዘመድ ጎረቤቱን ጥሩ። እድራችሁ ለለቅሶ ብቻ የቆመ አይሁን፤ ቋሚውንም ይደግፍ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግፊታቸው የሚለካበትን መንገድ እንድታመቻችላችሁ ጠይቋት።

እናንተ በየሆስፒታሉ ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶችም ስሙኝ። አልጋው እንደሚፈለግ፣ ተረኛ ታካሚ በር ላይ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ቤተሰቡን ለ20 ደቂቃ አስቀምጣችሁ በአማርኛ፣ በሚገባው ቃል አስረዱት፤ ከወጡ በኋላም የሚደውልበት ቁጥር ስጡት። በዚያች ጊዜ ያልተነገረው ነገር ታካሚውን መልሶ ወደ እናንተ ያመጣዋል።

ልጆቼ፣ የመጨረሻው ቃሌ ይኼ ነው። በድንገት እንደ አዲስ ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ «ይለፍላቸው» ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በስልካችሁም በግድግዳችሁም ላይ ጻፉት። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ወዲያውም ወደ ሆስፒታል ገስግሱ። አባታችሁ ያሳደጓችሁ በትዕግሥት ነው፤ እናንተም በትዕግሥትና በእውቀት አስታሟቸው።