መፍራት የኢማን ማነስ ነው ወይ?

ይህን የምጽፈው ጅዳ ሆኜ፣ የማዳምን ቤት ሥራ ጨርሼ፣ ሌሊት ነው። የማህፀን ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። መጽሔቱ እጃችሁ ሲገባ ቀኑ አልፎ ይሆናል። ስለዚህ ይሄ የዳነች ሴት ምክር አይደለም። ገና እየፈራሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የወር አበባዬ ከልክ በላይ ይፈሰኝ ነበር፤ ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ዐሥራ ሁለት ቀን። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ምንጣፍ ስጠርግ ዓይኔ ይጨልማል። "የሙቀቱ ነው፣ የድካም ነው" እያልኩ ዝም አልኩ። ለማዳም ብናገር ወደ አገር ትመልሰኛለች ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ ብናገር እንቅልፍ አይወስዳትም። በመጨረሻ ኩሽና ውስጥ ወደቅሁ። ሆስፒታል ስመረመር ሄሞግሎቢኔ 6.8 ሆኖ ተገኘ፤ የሴት ልጅ 12 እና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ማህፀኔ ውስጥ ብዙ ማዮማ አለ፤ ትልቁ ብርቱካን ያህላል። ሐኪሟ "በዕድሜሽም በብዛቱም ማህፀኑን ማውጣት ይሻላል" አለችኝ። ዕድሜዬ 43 ነው። አልወለድኩም።

ያን ማታ ለአንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩ። ጥሩ ሰው ናት፣ ትወደኛለች። ግን "አንቺ ደግሞ! መፍራት እኮ የኢማን ማነስ ነው። ለአላህ ስጪውና ተኚ" አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ጭንቀቴ ሁለት ሆነ። አንዱ ቢላዋውን መፍራት፣ ሌላው ደግሞ በመፍራቴ ማፈር። ክርስቲያን እህቶቻችንም "እምነት ያላት አትፈራም" ሲባሉ እሰማለሁ። እንግዲህ ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። የሚያምን ሰው ይፈራል ወይ?

መጀመሪያ ፍርሃቴን ቆጠርኩት። በልጆቹ የተረፈ ደብተር ላይ ስድስት ነገር ጻፍኩ። ካንሰር ቢሆንስ? ከማደንዘዣው ባልነቃስ? ደም ቢያጥረኝስ? ሥራዬን ባጣስ? ሴትነቴ ቢቀርስ? ልጅ ሳልወልድ መቅረቴስ? በቀጠሮዬ ቀን ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ዐረብኛዬ የኩሽና ዐረብኛ ነው፤ ቢሆንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

ሐኪሟ ቁጭ ብላ መለሰችልኝ። ማዮማ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ያም ሆኖ የወጣው ሁሉ ላቦራቶሪ ሄዶ ይታያል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ሥራው እስኪያልቅ ከራስጌዬ ሆኖ ልቤንና ትንፋሼን ይጠብቃል። ደሜን ደግሞ አስቀድመው በደም ሥር በሚሰጥ አይረን ከፍ ያደርጉታል፤ ለቀኑም ደም ይዘጋጃል። እንቁላል የሚያመነጩት ሁለቱ ክፍሎች ስለማይነኩ በአንድ ቀን አላረጅም። በማግስቱ ተነሥቼ መራመድ አለብኝ፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አላነሳም።

ለቤት ሠራተኛ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ የመጨረሻው ነው። ለማዳም ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ልጆቹን ማን ይይዛል?" አለች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ፈቀደችልኝ። አልመረቅኋትም፣ አልረገምኋትም። ቢያንስ አሁን አውቄዋለሁ። ከስድስቱ አራቱ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱን ያላገኘሁት ስላልጠየቅሁ ነው።

ደሙን የሚያቆመው ኪኒን ሲሠራልኝ ዑምራ ሄድኩ። መካ ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ያችው ጓደኛዬ አብራኝ መጣች። ከሶፋ ወደ መርዋ ሰባት ጊዜ መመላለስ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አቅም ስለሌለኝ በዊልቸር ገፋችኝ። ወንዶቹ በአረንጓዴው መብራት መካከል ሶምሶማ ይሮጣሉ፣ ሴቶች በእርምጃ ነው የምንሄደው። መጀመሪያ እዚያ የሮጠችው ግን ሴት ናት፤ እናታችን ሐጀር፣ ክርስቲያኖች አጋር የሚሏት።

አራተኛው ዙር ላይ ጓደኛዬን "ሐጀር ፈርታ ነበር ወይስ አልፈራችም?" አልኳት።

"ልጇ በውኃ ጥም ሊሞት! እንዴት አትፈራም?"

"ታዲያ ኢማኗ አንሶ ነው?"

ዝም ብላ ገፋችኝ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢብራሂም በረሃ ላይ ትቷት ሲሄድ፣ ይህ የአላህ ትእዛዝ መሆኑን ጠይቃ፣ እንደሆነ ሲነግራት አላህ አይጥለንም ብላ ተመለሰች። ውኃው ሲያልቅ ደግሞ በሁለት ኮረብታ መካከል ሮጠች። አላህ አይጥለንም ያለችውም የሮጠችውም አንዲት ሴት ናት። ኢማኗ እንድትቀመጥ አላደረጋትም። ፍርሃቷም ኢማኗን አላጠፋባትም። እኔ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት በኢማን ነው ብል ውሸት ነው፤ በፍርሃት ነው የተቀመጥኩት። ዛሬ እየፈራሁም ቢሆን እየሄድኩ ነው።

መርዋ ስንደርስ ጓደኛዬ ቆመችና "ለሐጀር ዘምዘም ፈለቀላት። ላልፈለቀላቸውስ?" አለችኝ። ታላቅ እህቷ አገር ቤት ለተመሳሳይ ሕመም ሆስፒታል ገብታ እንዳልወጣች ያን ቀን ነገረችኝ። ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም። ለካ "አትፍሪ" ያለችኝ እሷ ራሷ ስለፈራች ነው።

ለእህቷ ጉዳይ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ዘምዘም የፈለቀው በሶፋም በመርዋም ላይ አይደለም፤ ሕፃኑ በተኛበት ነው። ሩጫው ውኃውን አልገዛውም። ውኃው ባይመጣ ኖሮም ሐጀር መሮጥ አልነበረባትም የሚል እናት ያለ አይመስለኝም። የኛ ድርሻ መሄዱ ነው፤ የሚሆነውን አናውቅም። የጓደኛዬ እህትም ሄዳለች። ስለሞተች ኢማኗ አንሷል የሚላት ካለ ይፈር።

የቀሩት ሁለቱ ፍርሃቶች ሐኪም የሚመልሳቸው አይደሉም። ትዳሬን "ቤቱ ይሠራ፣ ወንድሜ ይመረቅ" እያልኩ ሳዘገይ ልጅ መውለጃዬን አሳለፍኩ። "ኸይር ነው" ብዬ ልሸፍነው ሞክሬ ነበር፤ አልተሸፈነም። የሚለቀስለት ነገር ነውና አለቀስኩለት። ሴትነትሽ ይቀራል የሚለውን ግን አልቀበልም። እናታችን ዓኢሻ አልወለደችም፣ ሆኖም የምእመናን እናት ትባላለች። በዐረብኛ ማህፀን "ረሒም" ይባላል፤ "ረሕመት"፣ እዝነት ማለት ነው፣ ከዚያው ሥር የመጣ ቃል ነው። የሰው ልጆች አዝዬ 14 ዓመት የኖርኩት እኔ እዝነቴ ከሥጋው ጋር አብሮ ይወጣል ብዬ አልፈራም።

ከመካ ስመለስ ለእማዬ ደወልኩ። በየሳምንቱ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" እያልኩ ሳታልላት ኖሬያለሁ። ለሷ አስቤ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን የሷን ለቅሶ መስማት ስላልቻልኩ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቆየት ብላ "እኔም እኮ ታናሽሽን ከወለድኩ ወዲህ ማህፀኔ እየወረደ ነው የኖርኩት። ሃያ ዓመት አለፈው። ይሄ ለማን ይነገራል ብዬ ነው" አለችኝ። እኔ የላክሁት ብር ለጣሪያ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ለወንድሜ ትምህርት ሲሆን፣ እሷ ሐይቅ ቁጭ ብላ በጨርቅ ታስረው ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንል ዋሽተን፣ ሁለታችንም ያለ ሕክምና ቆየን።

ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱትን የፊስቱላ ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ለሐምሊኖች የመጡት በወሊድ የተጎዱ የገጠር ታካሚ ሆነው ነው። ድነው እዚያው ቀሩ፣ እያገዙ ተማሩ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ቀዶ ሕክምናውን ለመዱ፤ እንደሳቸው የተጎዱትን ብዙ ሴቶች አዳኑ። ከገጠር ሲመጡ የፈሩ አይመስላችሁም? እኔ ግን ይመስለኛል።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። መፍራት የኢማን ማነስ አይደለም። ፍርሃትን መደበቅ ግን ሰው ያስቀራል፤ "አትፍሪ" ማለትም የምትፈራዋን እህት ብቻዋን ይተዋታል። እኛ ለእህቶቻችን ያለብን ግዴታ "ምንድን ነው የፈራሽው?" ብሎ መጠየቅና አብሮ መሄድ ነው።

ከማኅበራችን ሁለት እህቶች ደም ሊሰጡልኝ ቃል ገብተዋል፤ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም። ጓደኛዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፤ እሷም እንደምትፈራ ነግራኛለች። እማዬ ወንድሜ ይዟት ደሴ ልትመረመር ነው። እኔ ልብሴን ቋጥሬያለሁ፣ ደብተሩንም ከላይ አድርጌዋለሁ። ዱዓ አድርጉልኝ፣ ጸልዩልኝ። ከመካከላችሁ እንደኔ ደም የሚፈሳት ካለች ደግሞ፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ሁለት ዓመት አትጠብቅ።