ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ

በእግዚአብሔር ጠባቂነት የሚያምን ሰው ለሚመጣው መከራ ብሎ በቤቱ ውኃና እህል፣ መድኃኒትና መብራት ለይቶ ቢያስቀምጥ ይህ ጥበብ ነው ወይስ የእምነት ጉድለት? ከዚህ የሚከብድ ሁለተኛ ጥያቄም አለ፤ ክፉው ቀን በደረሰ ጊዜ ያ የተቀመጠው የማን ነው? የባለቤቱ ብቻ ነውን፣ ወይስ ደጁን የሚያንኳኳው ሰው በእርሱ ላይ ድርሻ አለው? በካርቱም፣ በሳጃና ሰፈር ለኖረ ሰው እነዚህ ጥያቄዎች የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደሉም።

ሳጃና ከካርቱም መካከል በስተደቡብ የሚገኝ፣ በሕንፃ ዕቃ ገበያው የታወቀ አሮጌ ሰፈር ነው። ስሙንም ያገኘው ቀድሞ ይኖሩበት ከነበሩት የወህኒ ቤት ጠባቂዎች ነው ይባላል። ከአገራቸው የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚያና በአቅራቢያው ባሉት ሰፈሮች ኖረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል በዚያች ከተማ ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ ቀዳም ስዑር፣ የትንሣኤ ዋዜማ ነበረ፤ ለሙስሊሞችም የረመዳን ጾም መገባደጃ ነበረ። ሰው ሁሉ ለበዓል ሲሰናዳ የመድፍ ድምፅ ሰማ። በሰሜን ካርቱም የሚገኘው የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ሥራውን አቆመ፤ መብራት ጠፋ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ ከሆስፒታሎችም የሚበዙት ሕሙማንን መቀበል ተሳናቸው። ሕዝቡ አስቀድሞ ለብዙ ቀን በቤቱ ተዘግቶ ቆየ፤ ቀጥሎም በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ በኩል እስከ ጋላባትና መተማ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጓዘ። ጦር ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ የያዘው በ2025 ዓመት መጋቢት ወር ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ክፉ ቀን ሁለት መልክ እንዳለው ነው፤ አንዱ በቤት ይዘጋል፤ ሁለተኛው ከቤት ያስወጣል። ጦርነት ብቻም አይደለም። በ1988 ነሐሴ ወር በካርቱም ላይ በአንድ ሌሊትና ቀን የወረደው ዝናብ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችን ያለ መጠለያ አስቀርቷል። በ2020ም ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ፣ በመላው ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሏል። ነገር ግን መጨነቅና መሰናዳት አንድ አይደሉም። የሚጨነቅ ሰው ሥራ ሳይሠራ ሌሊቱን ያነጋል፤ የተሰናዳ ሰው ግን ሥራውን ፈጽሞ ይተኛል። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ ያከማቸው እግዚአብሔርን ስለ ተጠራጠረ አልነበረም፤ ስላመነው ነበር እንጂ። አባቶቻችንም ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ነው።

በ1527 ዓመት በዊተንበርግ ከተማ ቸነፈር በገባ ጊዜ ማርቲን ሉተር ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። የብሬስላው ካህናት በዮሐን ሄስ በኩል፣ ክርስቲያን ከቸነፈር ሊሸሽ ይገባዋልን ብለው ጠየቁት። የመልሱ አሳብ እንዲህ ነው፦ የሰው ነፍስ ወይም ሕይወት በአደራ ያልተሰጠው ሰው ቢሸሽ ኃጢአት የለበትም፤ አደራ ያለበት ግን ተተኪ ሳያገኝ ሊሄድ አይገባውም። መድኃኒትን የናቀና ቤቱን ከበሽታ ያልጠበቀ ሰውም እምነቱን አላሳየም፤ እግዚአብሔርን ተፈታተነ እንጂ። ሉተር ራሱ በከተማይቱ ቀርቶ ሕሙማንን በቤቱ ተቀበለ። እንግዲህ የጥንቃቄ ልኩ አደራ ነው፤ ሰው ስንቁን የሚያሰናዳው ለነፍሱ ፈርቶ ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ ስላሉት ሰዎች ኃላፊ ስለ ሆነ ነው።

ይህም ስንቅ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል ብንል፣ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ይኸውም ሃያ ሊትር የሚይዝ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው፤ በካርቱም በጋ ግን ከዚህ ቢጨመር ይሻላል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውኃ ተፍለቅልቆ ለአንድ ደቂቃ ይፍላ። ለምግብ እሳት የማይፈልገው ይመረጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቴምር። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊትም ስንቁን ተሸክሞ ሄዷል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ያልተቆለለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ብዙ ነፍስ ያድናል። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድሞ ይግዛ። ባትሪ፣ ክብሪት፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ንጹሕ ጨርቅና ሳሙናም ይጨመሩ።

ከቤት ለሚያስወጣው ቀን ደግሞ አንድ ሰው ያለ ረዳት የሚሸከመው ከረጢት ይዘጋጅ። በውስጡም ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ በዝርዝር የተያዘ ጥቂት ገንዘብ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ስልክ ሲጠፋ የማንንም ቁጥር ማስታወስ አይቻልምና፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። የሕፃናትም ስም በልብሳቸው ውስጥ ይሰፋ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ይህን ሁሉ ለማን ትናገራለህ ይለን ይሆናል። በመንገድ ዳር ሻይ ሸጣ የዕለቱን በዕለቱ የምትበላ እኅት ሦስት ጀሪካን ከየት ታመጣለች? በሰው ቤት የምታገለግል፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን የተቆለፈባትስ ምን ታደርግ? ይህ ተቃውሞ እውነተኛ ነው፤ ፊታችንንም ልንመልስበት አይገባም። ከሌለው ሰው ጥንቃቄ መጠየቅ ድሃን ስለ ድህነቱ መውቀስ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የግድ ይመጣብናል።

መሰናዳትና ማከማቸት በምን ይለያሉ? እኔ በሦስት ነገር እለያቸዋለሁ። መጀመሪያ በጊዜው ነው። በደኅናው ቀን ጥቂት በጥቂት የሚገዛ ሰው ከማንም አይቀማም፤ እንዲያውም በክፉው ቀን ከሰልፉ ስለሚቀር ስፍራውን ለሌላው ይተዋል። ግርግር ሲነሣ ሮጦ ሱቁን የሚያራቁት ግን የጎረቤቱን እራት ወሰደ። ሁለተኛ በልኩ ነው፤ በምድረ በዳ ከልኩ በላይ ተጠብቆ ያደረው መና ተልቷል። ሦስተኛ በደጁ ነው፤ የተሰናዳው ሰው ደጅ ሲንኳኳ ይከፈታል።

አምስቱ ልባሞች ቆነጃጅት ዘይታቸውን አላካፈሉም የሚል ይኖራል። ያ ምሳሌ ግን ስለ ልብ ዝግጁነት የተነገረ ነው፤ የልብ ዝግጁነት ለሌላ ሊበደር አይችልም፤ ውኃና እንጀራ ግን ይካፈላሉ። የሰራፕታዋ መበለት ለነቢዩ ለኤልያስ ከመጨረሻው ዱቄቷ አካፍላለች። ሆኖም አባት የራሱን ድርሻ ሊሰጥ ይችላል፤ የጨቅላ ልጁን ውኃ ግን አሳልፎ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ አደራ ነውና። ከዚህ ጭንቅ የሚያድነው አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ስንቁ ሲሰፈር ለቤተ ሰቡ በተሰፈረው ላይ ለሚያንኳኳው ሰው አንድ ድርሻ ይጨመር። በአምስት ሰው ቤት የስድስት ሰው ስንቅ ይቀመጥ። በካርቱም ጎዳናዎች በጥላ ሥር የሚቀመጠው ዚር የተባለው የሸክላ እንስራ ይህን ያስተምረናል። ባለቤቱ ይሞላዋል፤ የሚጠጣው ግን አላፊ አግዳሚው ነው፤ ስሙንም ማንም አይጠይቀውም።

ከዚህም በላይ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ማኅበር ይችለዋል። ሱዳናውያን ደቦን የሚመስል ነፊር የሚባል ልማድ አላቸው፤ በ2013 የጎርፍ ጊዜ የካርቱም ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰብስበው የተጎዱትን ረድተዋል። በ2023ም ጦርነት በየሰፈሩ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል የሚባሉ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ተነሥተው በጋራ ወጥ ቤት ሕዝብን መግበዋል። እኛም ዕድር አለን። ለሞተው ሰው ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ምንጊዜም የተሰናዳ ነው። ለሙት እንዲህ የምንተጋ ሰዎች ለሕያዋን ስንቅ ማስቀመጥ እንዴት ይከብደናል? የዕድሩ ሣጥን ውኃ ማጣሪያና ሕይወት አድን መድኃኒት ሊይዝ ይችላል። በመዝገቡም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ የማይራመድ ሕመምተኛ፣ ወረቀት የሌላት እኅት ስም ሊጻፍ፣ በክፉው ቀን ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊወሰን ይችላል። ፓስፖርት የተያዘባትንም ሴት ንብረቷ እንዲመለስላት በሰላሙ ጊዜ ሽማግሌ ልኮ መጠየቅ ከዚሁ ስንቅ ይቈጠራል።

እንግዲህ፣ ወዳጆች ሆይ፣ ስንቅ ማሰናዳት የእምነት ጉድለት አይደለም። የእምነት ጉድለት የሚሆነው ስንቁን አምነን ደጁን የዘጋን እንደ ሆነ ነው። ዛሬ ሰላም ባለበት ስፍራ የምትኖሩ፣ በዚህ ሳምንት ጀሪካናችሁን ሙሉ፤ ወረቀታችሁን በአንድ ስፍራ ሰብስቡ። ከዚያም ስድስተኛው ድርሻ የማን እንደ ሆነ በልባችሁ ፈልጉ፤ ስሙን ካላወቃችሁት ሂዱና ጠይቁት።