አንዲት ነፍስ፣ ብዙ ልዩ ሙያ

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚከታተል ሰው ውሎ አድሮ “ልዩ መስክህ የቱ ነው?” መባሉ አይቀርም። ሕፃናት፣ ቤተሰብ፣ የፍርድ ቤት ጉዳዮች፣ ከአካል ሕመም ጋር የተያያዘ ጭንቀት፣ ወይም አንጎልና ባሕርይ የሚገናኙበት ኒውሮሳይኮሎጂ። ጥያቄው የመርሐ ግብር ጉዳይ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የቆየ የነፍስ ጥያቄ ነው፦ ሰው ተከፋፍሎ ይታወቃልን? የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል። ማሰብ፣ መናገርና ሕያው መሆን ይለያያሉ፤ ነፍስ ግን አንዲት ናት። በመለየትና በመነጣጠል መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለጥያቄያችንም ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ሙያ ዕውቀትን መለየት ይችላል፤ ሰውን መነጣጠል ግን አይችልም።

የሰባ ዓመት እናት የሰው ስም ይጠፋቸው፣ የጣዱትንም ይረሱ ጀመር እንበል። አንጎልን እያዳከመ የሚሄድ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ከባድ ድብርትም ግን ትኩረትን ነጥቆ እንዲሁ ያስረሳል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም፣ አንዳንድ መድኃኒትም እንዲሁ። የማስታወስ ፈተናውን ነጥብ አንብቦ ባለቤታቸው መቼ እንዳረፉ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ባለሙያ፣ ፈተናውን ቢያውቅም ሴትዮዋን አላወቃቸውም። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂዩስተን ስለ ኒውሮሳይኮሎጂ ሥልጠና የመከረው ጉባኤም ባለሙያው ስለ አንጎል ከሚማረው ጋር የአጠቃላይ ሥነ ልቡናና የክሊኒካዊ ሥራ መሠረት እንዲኖረው ጠይቋል፤ ከዶክትሬቱ በኋላ ደግሞ የሁለት ዓመት የሬዚደንሲ ልምምድ። ጥልቀት የሚፈለገው በስፋት ላይ ቆሞ ነው ማለት ነው።

“ዕድሜ አጭር ነው፤ ሁሉን ልወቅ ያለ አንዱንም በደንብ አያውቅም” የሚሉ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ቋንቋው በየትኛው ወገን እንዳለ ማወቅ የግድ ነው፤ ይህን ደግነት አይተካውም። ግን የዚያው ሕፃን የቃላት ፈተና ውጤት ዝቅ ሲል ጉዳቱ ከአንጎል ይሁን፣ ወይስ ፈተናው የቤቱ ባልሆነ ቋንቋ ስለተሰጠ ይሁን የሚለየው ማን ነው? ስለ ቤቱ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ ሙሉውን ሰው የሚያየው አንድ ባለሙያ ሳይሆን ቡድኑ ነው ይላሉ። ቡድን ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም ወደ ባልደረባ የሚልክ ሰው የሚልከውን ነገር በመጀመሪያ ማየት አለበት። ሐዘን ምን እንደሚመስል ያልተማረ ሰው ሐዘንተኛውን ወደ ማን ይልካል? ስለዚህ ኒውሮሳይኮሎጂን የመረጠው ተማሪ ፈተና መስጠትን ከመካኑ በፊት ከሐዘንተኞችና ከሕመምተኛ ቤተሰቦች ጋር ረጅም ሰዓት ቢቀመጥ፣ ጊዜው ባከነ የሚባል አይመስለኝም። ያቺን እናት ሲያገኝ ከፈተናው ወረቀት በፊት የሚያነሣው ጥያቄ ከዚያ ይመጣል።