የእንግዳው በግ ከማን በረት?

አንድ ክርክር ተነሥቶ ዶርማችንን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሣው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ሦስት ሆነን ከቦሌ ወደ ስድስት ኪሎ ለመምጣት ታክሲ ተሳፈርን። ገና መንገዱን ሳናጋምስ ወያላው በሩን ከፈተና «መንገድ ተዘግቷል፤ በቃ ውረዱ!» አለን። ወረድን። አስፋልቱ ጭር ብሏል፤ ዳርና ዳሩን ፖሊስ ቆሞበታል፤ ሕዝቡ ከእግረኛ መንገዱ ላይ እንደ ጎርፍ ውሃ ታቁሯል። ከፊታችን የቆመው ፖሊስ ጢሙ ገና ያላጎጠጎጠ ልጅ ነው። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ቀረቡና «ልጄ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለብን፤ አንዴ ብቻ አሻግረኝ» አሉት። «እማማ፣ እኔም ታዝዤ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አላቸው።

ትንሹ አርባ ደቂቃ ሆነ። ከዚያ ሞተር ብስክሌቶች መጡ፤ ከዚያ መስታወታቸው የጠቆረ መኪኖች ተከታትለው አለፉ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ደግሞ ማንም ያልተኛበት አንድ አምቡላንስ ተከተለ። ማን እንዳለፈ አላወቅንም። እማማም አላወቁም። «ቀጠሮውስ አለፈ፤ እንግዲህ ይህን ቀን ማን ይመልስልኛል?» አሉና ወደ መጡበት ተመለሱ።

ክርክራችን የተነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። ከመካከላችን አንዱ «እንግዳ አገራችን ገብቶ አንድ ነገር ቢሆን የሚዋረደው አገር ነው፤ ለአገር ክብር አርባ ደቂቃ ምን አላት?» አለ። ሌላው ደግሞ «የአንዱ ሰው ነፍስ ከሌላው ነፍስ በምን በልጦ ነው?» ብሎ ያዘው። ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስለናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንመረምረው ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

በመጀመሪያ ጥበቃን የሚደግፈውን ወገን በሚገባ እንስማው፤ ተቃዋሚውን አሳንሶ መርታት መርታት አይደለምና። ይህች ከተማ በዚህ ጉዳይ የደረሰባትን ታውቃለች። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ሲያመሩ፣ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኩስ ከፈቱባቸው። የተሳፈሩባት መኪና ጥይት የማይበሳት ስለነበረች ተረፉ፤ ወዲያው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሰው አገራቸው ገቡ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን ከዚያ መንገድ አልተመለሱም። ነገሩም በዚያ አላበቃም። እስከ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደርሶ በ1988 ዓ.ም. በሱዳን ላይ ማዕቀብ አስከተለ። እንግዲህ ጥይቱ ዒላማውን ስቶ እንኳ ሁለት አገሮችን አቃቅሯል።

ዒላማውን ቢያገኝስ ኖሮ? በሰኔ 1906 ዓ.ም. በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በተገደሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓለም በጦርነት እሳት ተያያዘች። መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. የሩዋንዳውንና የብሩንዲን ፕሬዚዳንቶች የያዘው አውሮፕላን ኪጋሊ ላይ ተመቶ ሲወድቅ፣ ለዘር ፍጅቱ የተዘጋጁት ሰዎች ያንኑ ምልክት አድርገው ተነሡ። የሳራዬቮው ጥይት ብቻውን ጦርነቱን አመጣ፣ የኪጋሊው አውሮፕላንም ብቻውን ፍጅቱን ፈጠረ አንልም፤ ባሩዱ ቀድሞ ተከማችቶ ነበር። ክብሪቱ ግን የአንድ መሪ ሞት ሆነ። ስለዚህ መሪ የሚጠበቀው ደሙ ከእማማ ደም ስለሚቀላ ሳይሆን፣ የእሱ ሞት የብዙ እማማዎችን ሞት ሊጎትት ስለሚችል ነው። እስከዚህ ድረስ ከመጀመሪያው ጓደኛችን ጋር ነን።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ምንም ያህል ጥበቃ አይበዛም» ወደሚለው መዝለል አይቻልም። ጥበቃ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። አንዋር ሳዳት በመስከረም 1974 ዓ.ም. የተገደሉት በሠራዊታቸው መካከል ተቀምጠው፣ በወታደራዊ ሰልፍ ላይ፣ ከሰልፈኞቹ መኪና በወረዱ ወታደሮች ነው። ኢንዲራ ጋንዲን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የገደሏቸው የገዛ ጠባቂዎቻቸው ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ የስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ በየካቲት 1978 ዓ.ም. ያለ ጠባቂ፣ ከባለቤታቸው ጋር ከሲኒማ ወጥተው በእግራቸው ሲሄዱ ተገደሉ። ጥበቃ መተውም ዋጋ ያስከፍላል፤ ጥበቃ ማብዛትም ሞትን ፈጽሞ አያስቀርም። እንግዲህ የሚጠየቀው «ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ?» አይደለም። ጥያቄው «ምን ያህል? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ «እኛ እኮ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ነን። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ያበላዋል፤ መደቡን ለቆለት ራሱ መሬት ይተኛል። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ባለቤቱ የሚሰጠው የራሱን ነው። መደቡ የራሱ ነው፤ እንጀራው ከራሱ ሌማት ነው። የጎረቤቱን መደብ ነጥቆ እንግዳውን ያስተኛ ሰው ግን እንግዳ ተቀባይ ሲባል ሰምተን አናውቅም።

የነቢዩ ናታንና የንጉሥ ዳዊት ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ ቤት እንግዳ መጣ። ባለጸጋው ለራሱ በጎች ሳሳና እንደ ልጅ ያሳደጋት አንዲት በግ ብቻ ካለችው ድሃ ላይ ወስዶ፣ አርዶ እንግዳውን አበላ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ካሳው አራት እጥፍ ይሁን ብሎ ፈረደ። በዚህ ታሪክ እንግዳው ምንም ጥፋት የለበትም። ምናልባትም የበላው ከማን በረት እንደመጣ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀን እንደ ጥቁሩ መስታወት ባለቤት ማለት ነው። የተወቀሰው ጋባዡ ነው።

የእማማ ቀን ያቺ በግ ናት። ደመወዝተኛ ሰው መንገድ ቢዘጋበት አርፍዶ ቢሮ ይገባል፤ ደመወዙ አይቀነስም። ጉባኤው ለትልቁ ሆቴል ገበያ ነው፤ አልጋው ሁሉ ይያዝለታል። የቀን ሠራተኛው ግን ያልሠራበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው። ባለ ጉሊቷ ቲማቲሟ ነገን አይጠብቃትም። ባለ ታክሲው ሲቆም የባለ ንብረቱ ሒሳብ አይቆምለትም። ጎዳና ላይ የሚያድሩት ደግሞ «ከተማው ለእንግዳ ይጽዳ» ሲባል ከቆሻሻው እኩል ሲጠረጉ ኖረዋል። እንግዲህ ከጉባኤው የሚያተርፈው ሌላ፣ ከሳሪው ሌላ። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በሰኔ 2002 ዓ.ም. በካናዳ የቡድን 8 እና የቡድን 20 ጉባኤዎች ተከታትለው ሲካሄዱ፣ ለጸጥታ ጥበቃ የተመደበው ገንዘብ ወደ አንድ ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ነበር። የቶሮንቶ መሐል ከተማ በብረት አጥር ተከፈለ፤ ከ1000 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ ብዙዎቹም ያለ ክስ ተለቀቁ። ይሁን እንጂ እዚያ ቢያንስ ሒሳቡ ተጽፎ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሕዝቡም ተከራከረበት። የእማማ ቀን ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ ደግሞ ከፋይ አይኖረውም።

ሌላም ነገር አለ። መንገድ የሚዘጋው ሁሉ ለጥበቃ ብቻ ነውን? ከፊሉ ለታይታ አይደለምን? የሰልፉ ርዝመት የክብር መለኪያ ከሆነ፣ ሃያ መኪና ያስከተለ ሰው ዐሥር ካስከተለው በልጦ ሊታይ ይሻል። ይህን ለመለየት የሚረዳን አንድ ታሪክ እናንሣ። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ከጆን ኬኔዲ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው በክፍት መኪና በሕዝብ መካከል አለፉ። ሁለት ወር ሳይሞላ በኅዳር ኬኔዲ ዳላስ ውስጥ በክፍት መኪና ላይ ሳሉ ተገደሉ። ዓለም ተሸበረ፤ ጠባቂዎችም ተጨነቁ። ሆኖም በቀብሩ ዕለት ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ከተጓዙት የዓለም መሪዎች መካከል አጭሩ ንጉሠ ነገሥትና ረጅሙ ጄኔራል ደ ጎል ይገኙበታል። ያን ዕለት መንገድ አልተዘጋም፣ ጠባቂም አልነበረም አንልም። ነገር ግን መንገዱ የተዘጋው ሕዝቡ እንዲያይ ነው፤ ሕዝቡ ዳር የቆመው እንደ ሐዘንተኛ እንጂ እንደ ተጠርጣሪ አልነበረም። እኛ ያን ቀን ከቦሌ መንገድ ዳር የቆምነው እንደ ምን ነበር? ፊታችንን ወደ ግንቡ እንድናዞር ባንታዘዝም፣ እንደዚያ የታዘዝን ያህል ተሰምቶናል።

ይህን ስንል አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና መሆኗን ጠልተን አይደለም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው ቻርተሩን ሲፈርሙ፣ ከተማዋ ለአህጉሩ ቤት ሆነች። ዛሬ የኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት የቆመበት ስፍራ ድሮ ከርቸሌ፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ያለው እስር ቤት ነበረ። እስር ቤቱ ፈርሶ የመሰብሰቢያ አዳራሽ መሠራቱን እንወዳለን። ባራክ ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ሳሉ ኢትዮጵያን የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ እኛ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ መንገዱ ተዘግቶ ቤት ስንቀር በቴሌቪዥን እያየን መኩራታችንን አንደብቅም። ኩራቱ ግን ምን እንዳስከፈለ ያኔ አልጠየቅንም፤ የከፈልነው እኛ አልነበርንምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ የጸጥታ ባለሙያዎች አይደለንም። ግን ፍትሕን ለማወቅ ሽጉጥ መታጠቅ አያስፈልግም። ጋባዡ ከራሱ በረት ይረድ እንላለን። መንገድ መዘጋቱ ግድ ከሆነ ሰዓቱ አስቀድሞ በሬዲዮ ይነገር፤ ሰልፉ ሲያልፍ ወዲያው ይከፈት እንጂ «ለማንኛውም» ተብሎ ግማሽ ቀን አይታጠር። ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአምቡላንስ መሻገሪያ ይኑር፤ እዚያ የቆመውም ወጣት ፖሊስ እማማን ለማሻገር ሥልጣን ይሰጠው። እሱም እኮ ከንጋት ጀምሮ ቁርስ ሳይቀምስ ቆሟል። የሚከለከለውም ድሃ፣ የሚከለክለውም ድሃ! ከባዕድ እንግዳ ጋር ያልተያያዘው የአገሬው ሹም አጀብ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው መብራት ይጠብቅ። ቀኑን ለተነጠቀው ድሃ አራት እጥፍ ካሳ ይከፈል አንልም፤ ቢያንስ አንድ እጥፍ እንዳለበት ይታመን።

ክርክሩ ሊያልቅ ሲል ያ የመጀመሪያው ጓደኛችን አንድ ነገር ጠየቀን። «ለመሆኑ በ1987 የሞቱትን የሁለቱን ፖሊሶች ስም የሚያውቅ አለ?» አለ። ስምንት ሆነን ተቀምጠን ነበር፤ አንድም የሚያውቅ አልተገኘም። የሙባረክን ስም ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ስንከራከርበት የሰነበትነው ነገር እኛንም እንደሚወቅሰን ገባን።

ደግሞም ነገ ተመርቀን እንወጣለን። ከመካከላችን አንዱ ከዚያ ጥቁር መስታወት ኋላ መቀመጡ አይቀርም፤ የዚህ ግቢ ልጆች ሲቀመጡበት ኖረዋልና። ያኔ ከውስጥ ሆኖ ሲያይ አስፋልቱ ባዶና ጥሩ፣ ጉዞውም ፈጣን ይመስለዋል። ለዚያ ጓደኛችን ከአሁኑ አንድ አደራ እንስጠው። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወደ ዳር ይመልከት። እማማ የልጅ ልጃቸውን አዝለው እዚያ ቆመዋል፤ ቀጠሯቸው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።