ክንዳቸውን ይዘን እንራመድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለአባቶቻችን ሰውነትን ማንቀሳቀስ ከጸሎት የተለየ ነገር አልነበረም። ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይገሠግሣሉ፤ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ በሰሙነ ሕማማት እየወደቁ እየተነሡ ይሰግዳሉ። አባ እንጦንስም በበረሓ ሐሳብ ባስጨነቀው ጊዜ፣ መልአክ ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ ተነሥቶም ሲጸልይ እንደታየው በአበው ዜና ተጽፏል።

እኛ በምንኖርበት በዳላስና በፎርት ወርዝ ግን ያለ መኪና የትም አይደረስም። ወላጆቻችንን ከአገር ቤት አምጥተን በክብር አስቀመጥናቸው። ነገር ግን ማስቀመጥ ብቻውን ማክበር ነውን? መኪና የማይነዱ፣ ቋንቋውን የማያውቁ አረጋውያን እኛ ከሥራ እስክንመለስ በአንድ ወንበር ላይ ይውላሉ። ጉልበታቸው ይደክማል፤ ልባቸውም አብሮ ይተክዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አረጋውያንም ጭምር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም ለልብና ለስኳር ሕመም ብቻ ሳይሆን ጭንቀትንና ትካዜን ለማቅለል ይረዳል። ቢካፈል በቀን 22 ደቂቃ ያህል ነው።

ምእመናን ሆይ፣ መጦር ማብላት ብቻ አይደለም። የሐምሌ ሐሩር ሳይበረታ፣ በማለዳ፣ በዋይት ሮክ ሐይቅ ወይም በትሪኒቲ ወንዝ ዳር እንደ አቅማቸው አብረናቸው እንሂድ። ጊዜ የለንም እንላለን፤ ለቀብራቸው ግን ከሥራ ፈቃድ እንጠይቃለን። ያን ቀን ከኋላቸው ከምንከተል፣ ዛሬ ከጎናቸው እንራመድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።